ፈንጂው አጠገብ የተቆለፈበት መኮንን፦ ስለ ዱራንድ ደ ላ ፔኔ ጥያቄና መልስ

ስለ ኢጣሊያዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሉዊጂ ዱራንድ ደ ላ ፔኔ የጠየቃችሁኝን በየተራ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰውዬው ማነው? አጠር አድርገው።

መልስ፦ በ1914 ጄኖዋ ተወለደ፣ በ1992 እዚያው አረፈ። ጠላቂ ነበር፣ በኋላ አድሚራልም የፓርላማ አባልም ሆነ። ስሙን ያስጠራው ግን አንድ ሌሊት ነው፤ ዲሴምበር 19 ቀን 1941 የነጋው።

ጥያቄ፦ አሳማ ጋልቦ ሄደ የሚሉት ቀልድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሁለት ሰው እንደ ፈረስ የሚቀመጥበት ቶርፔዶ ነው። ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ 300 ኪሎ ገደማ ፈንጂ ይሸከማል። እምቢተኛ ስለነበር «ማያሌ» አሉት፣ አሳማ ማለት ነው። ቴሴዮ ቴዜይና ኤሊዮስ ቶስኪ የሚባሉ መኮንኖች በኢጣሊያዋ ወደብ ላ ስፔዚያ ሥራውን የጀመሩት በ1935 ነው። ምክንያቱ እኛን ይነካል። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ከእንግሊዝ ጋር ተፋጠጠች፤ የእንግሊዝን ግዙፍ መርከቦች በርካሽ የሚመታ ነገር አስፈለጋት።

ጥያቄ፦ እስክንድርያ ወደብ እንዴት ገቡ? መረብ የለም?

መልስ፦ ነበር። ሦስት ማያሌና ስድስት ሰው ይዛ የመጣችው ሰርጓጅ መርከብ ስሟ «ሽሬ» ነው። አዎ፣ የእኛው ሽሬ! እህቶቿም አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ጎንደር ይባሉ ነበር። መረቡ ለእንግሊዝ መርከቦች ሲከፈት እነሱም ተከትለው ሾልከው ገቡ።

ጥያቄ፦ ከዚያስ?

መልስ፦ ከዚያማ ሁሉም ነገር ተበላሸ። «ቫሊያንት» የምትባለው የጦር መርከብ ሥር ሲደርሱ ማያሌው ቆመ፤ ፕሮፔለሩ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል። ጓደኛው ኤሚሊዮ ቢያንኪ ራሱን ስቶ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ደ ላ ፔኔ ያንን ብረት ጭቃ ለጭቃ ብቻውን ጎተተው። ውኃው ደፈረሰ፣ ምንም አይታይም። 40 ደቂቃ ያህል ታግሎ ከመርከቧ ሆድ ሥር አደረሰውና የፈንጂውን ሰዓት ሞልቶ ወጣ። ወዲያው ሁለቱም ተያዙ። አልናገርም ሲል አዛዡ ቻርልስ ሞርጋን ከመርከቧ ታችኛው ክፍል አስቆለፈበት፤ ፈንጂው ካለበት ብዙም ሳይርቅ።

ፈንጂው ሊፈነዳ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀር አዛዡን አገናኙኝ አለ። መርከቧ ልትፈነዳ ነው፣ ሰዎችህን አውጣ አለው። የት? ሲባል ዝም። መልሰው ቆለፉበት። ፈነዳ፣ እሱም ቢያንኪም ተረፉ። «ቫሊያንት» እና ጓዶቹ በሌላ ማያሌ ፈንጂ ያጠመዱባት የጦር መርከብ «ኩዊን ኤልዛቤት» ወደቡ ወለል ላይ ተቀመጡ። ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ከላይ ለሚያይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ፤ እንግሊዞችም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኑ።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ አመለጡ?

መልስ፦ ሁሉም ተያዙ። ለማምለጫ የተሰጣቸው የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር፤ ግብፅ ውስጥ እንደልብ አይመነዘርም! ያን ሁሉ አቅደው ይህቺን ረሷት።

ጥያቄ፦ የወራሪ አገር መኮንን ማድነቅ አይከብድህም?

መልስ፦ ይከብደኛል። የፋሺስት መንግሥትን መለዮ ለብሶ ነው የዘመተው፣ አልክድም። እኔን የያዘኝ ያቺ ሩብ ሰዓት ናት። መርከበኞቹን ለማዳን ተናገረ፣ መርከቧን ለማዳን ግን አልተናገረም።

ጥያቄ፦ ሜዳሊያውን ጠላቱ ሸለመው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኢጣሊያ በ1943 ጎራ ቀይራ እሱም በ1944 ከእንግሊዞች ጋር ጀርመኖች በያዟት ላ ስፔዚያ ላይ ዘምቶ ነበር። በማርች 1945 በኢጣሊያዋ ወደብ ታራንቶ የጀግንነት የወርቅ ሜዳሊያው ሲሰጠው አልጋ ወራሽ ኡምቤርቶ ሜዳሊያውን ለእንግዳው አቀበለው። እንግዳው ሞርጋን ነበር። ደረቱ ላይ የሰካለትም እሱ ነው።