«ሳልፈልግ ብጾም ግብዝነት አይሆንብኝም?»

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ መምህር? ያደግሁት አጽዋማት በሚከበሩበት ቤት ነው። ሥራ ይዤ አዲስ አበባ ከመጣሁና ለብቻዬ ቤት ከተከራየሁ ወዲህ ግን ረቡዕና ዓርብን መጾም ትቻለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ ስንቀመጥ አስተናጋጁ «የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ ሳይጨርስ «የፍስክ» እላለሁ። እናቴ ደውላ ስትጠይቀኝ ደግሞ «እየጾምሁ ነው» እላታለሁ። እግዚአብሔር ነጻ ፈቃድ ሰጥቶን ሳለ ሳልፈልግ ብጾም ግብዝነት አይሆንብኝም? ከልቤ ስፈልግ ብጾም አይሻልም?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾምና ከምን እንደምንከለከል ልነግርህ አልነሣም፤ ያደግህበት ቤት አስተምሮሃል። የምቆየው «ሳልፈልግ ባደርገው ግብዝነት ነው» በሚለው ቃልህ ላይ ነው። ይህን ቃል ከአንተ በፊት ከብዙ ወጣቶች ሰምቼዋለሁ። ስለ ጾም ብቻ አይደለም የሚሉት፤ ስለ ጸሎት፣ ስለ ቅዳሴ፣ የበደላቸውን ይቅር ስለ ማለትም ጭምር ነው። «አሁን ስሜቱ የለኝም፤ ሳይሰማኝ ማድረግ ደግሞ ማስመሰል ነው» ይላሉ። ሲሰሙት ሐቀኝነት ይመስላል። እኔ ግን ስንፍና ራሱን ሐቀኛ ብሎ ሲጠራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጌታችን ግብዞች ያላቸው እነማንን ነው? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተወቀሱት ለሰው እንደ ጾመኛ ለመታየት ፊታቸውን ያጠወለጉ ናቸው። ልባቸው ሌላ እያማረው ስለ ጾሙ ማንንም አልወቀሰም። እንግዲህ ሥጋ እያማረህ ዓርብን በሽሮ የምትውልበት ቀንና ለእናትህ «እየጾምሁ ነው» ያልህበት ቀን ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግብዝነቱ በየትኛው ይገኛል? ሌሊት ሕፃኗ ሲያለቅስ እንቅልፍ እየጣላት የምትነሣ እናት ደስ እያላት አትነሣም፤ አስመሳይ ናት የሚላት ግን የለም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ያሉትን ሁለት ልጆች አስባቸው። አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ሄደው እንዲሠሩ ነገራቸው። አንዱ «አልወድም» አለ፤ ኋላ ግን ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው «እሺ» አለና ቀረ። ጌታችን የጠየቀው የአባቱን ፈቃድ ያደረገው ማን እንደሆነ ነው፤ ማን ደስ ብሎት እንደ ሠራ አልጠየቀም። አንተ አሁን የቆምኸው «እሺ» ብሎ በቀረው ልጅ ቦታ ነው፤ በስልክ እሺ፣ በገበታ ላይ እምቢ።

ስለ ነጻ ፈቃድ ያልኸው እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን አጥብቃ የምታስተምረው ነው። መጽሐፈ ሲራክ እሳትና ውኃ በፊትህ እንደ ቀረቡልህ፣ እጅህንም ወደ ወደድኸው እንደምትሰድ ይነግርሃል (ሲራ. 15፥16)። ይሁን እንጂ አንተ ስለ መረጥኸው እሳቱ ማቃጠሉን አይተውም። ቅዱስ ጳውሎስም ሁሉ ተፈቅዶልኛል ማለቱን ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል፤ እዚያው ላይ ግን በእርሱ ላይ ምንም ነገር እንዳይሠለጥንበት መጠንቀቁን ይዘልለዋል (1ኛ ቆሮ. 6፥12)።

እስቲ በዚህ ራስህን መርምር። ስፈልግ እጾማለሁ ብለሃል። ከቤት ከወጣህ ወዲህ ጾም ያማረህ ረቡዕ ነበረ? ቤተ ክርስቲያን እኮ የፈቃድ ጾምም አላት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጾመ ጽጌ፣ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን የምናስብበት ጾም፣ የወደደ የሚጾመው ነው፤ ያልጾመውም አይወቀስም። «ግዴታ ባይሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ እጾም ነበር» የሚሉኝን ልጆች ጽጌ ሲገባ እጠብቃቸዋለሁ። እስካሁን ብዙ አልመጡልኝም። (ጥቂት እያሾፍሁ ነው፤ ይቅር በሉኝ።) ሰውነት የሚፈልገው ያስለመዱትን ነው። ጾምን ሳትጀምር የጾም ፍላጎት እስኪመጣ ብትጠብቅ ዕድሜህን ሙሉ ትጠብቃለህ።

ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት በገንዘብ የተገዛ ባሪያ ነበር። የጌታው ሚስት በየቀኑ ስትወተውተው እምቢ አለ (ዘፍ. 39)። እርሷ በቤቱ ያለውን አገልጋይ ሁሉ ታዝዝ ነበር፤ የገዛ ምኞቷን ግን ማዘዝ አቃታት። ከሁለቱ እምቢ ማለት የቻለው ባሪያው ነው። አንተም ዛሬ የቤትህ ቁልፍ በኪስህ ነው፤ በስንት ሰዓት ገባህ የሚልህ የለም። አስተናጋጁ ጠይቆ ሳይጨርስ «የፍስክ» የሚለው ግን ማን ነው? አንተ መርጠህ ነው ወይስ ልማድህ ቀድሞህ?

እዚህ ላይ ወላጆችንም ሳልናገር አላልፍም። ልጆቻቸውን በቁጣና በአለንጋ እያስጾሙ ለምን እንደሚጾም አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብለው ያልነገሩ አሉ። ልጁ ከቤት ሲወጣ ሊጥል የሚፈልገው ቁጣውን ነው፤ ጾሙንና ቁጣውን አንድ ላይ ስለ ተቀበላቸው ግን አብሮ ይጥላቸዋል። የአንተ እናት እንዲህ መሆን አለመሆኗን አልጻፍህልኝም። ብትሆንም አሁን ሙሉ ሰው ነህ፤ ጾሙን ከቁጣው ለይተህ ማንሣት የአንተ ድርሻ ነው።

እውነቱን ልንገርህና፣ ከጥያቄህ ሁሉ ያሳሰበኝ ከሥጋው ይልቅ ውሸቱ ነው። ነጻ ነኝ የሚል ሰው በገዛ ደመወዙ የበላውን ምሳ ለምን ይደብቃል? ፈርተሃት ከሆነ ከቤቷ ገና አልወጣህም። እንዳታዝንብህ ብለህ ከሆነ ደግሞ ፍቅር አለህ ማለት ነው፤ ፍቅር ካለህ እውነቱን መስማት ይገባታል።

እንግዲህ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ርቀው የሚኖሩ ከሆነና የማትገናኙ ከሆነ አስፈቅደህ በምትኖርበት አጥቢያ ሌላ አባት ያዝ። የት ልቀጠር፣ የትኛውን ቤት ልከራይ እያልህ ግን አታስጨንቃቸው፤ አንዳንዱ ስልክ ለመግዛት እንኳ የንስሐ አባቱን ያማክራል፤ ለእንዲህ ያለው ነገር እግዚአብሔር አእምሮ ሰጥቶሃል። ሕመም ካለብህ ወይም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሳትደብቅ ንገራቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለታመመ ይራራል። ጤነኛ ከሆንህ ከመጪው ረቡዕ ጀምር፤ ሰዓቱን እንደ ዐቅምህ እርሳቸው ይወስኑልሃል። መጀመሪያ ደስ አይልህም፤ ዓይንህ ከራስህ ሽሮ ይልቅ የባልደረባህን ጥብስ ያያል። «ጌታ ሆይ፣ ልቤ ገና አልመጣም፤ እኔ ግን መጥቻለሁ» በለው።

ረቡዕን ከዋልህ በኋላ ሐሙስ ለእናትህ ደውል፤ እርሷ እስክትደውል አትጠብቅ። የተውኸውንም የጀመርኸውንም ንገራት። ትቆጣህ ይሆናል፤ እስክትጨርስ ስማት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።