የይለፍ ቃሉን ለማን ነገራችሁ?

አሮጌ መጻሕፍት ኢንተርኔት ላይ የምትጭኑ ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት መጻሕፍት ለኅትመት በማሰናዳት ነው። ባለፈው ሰሞን መሳቢያ ስጎረጉር አንድ ፍሎፒ ዲስክ አገኘሁ። ላዩ ላይ በገዛ እጄ «ግጥሞች፣ የታረመ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ማንበቢያው በስንት ልመና ተገኘ። ፋይሉ ሲከፈት አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም! የላቲን ፊደልና ምልክት ዝርግፍግፍ ብሎ ድመት ኪቦርዱ ላይ የተራመደችበት ይመስላል።

ያኔ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚቆጥረው። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል አቆጣጠር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፌም አብሮት ሄደ። የታተመው መጽሐፍ ግን መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ቁጭ ብሎ ይነበባል።

አሮጌ መጻሕፍት ስካን አድርጋችሁ በነጻ የምትጭኑትን ሳይ ደስ ይለኛል። ፍርሃትም አለኝ። የማውቃቸው ልጆች እንዲህ ያለ ሳይት ነበራቸው። ዶሜይኑ (የሳይቱ አድራሻ) በአንዱ ስም፣ ክፍያው በእሱው ካርድ፣ የይለፍ ቃሉም እሱው ጭንቅላት ውስጥ። ልጁ ሥራ በዛበት፣ አገር ቀየረ፣ ካርዱ ጊዜው አለፈ። ሳይቱ ድርግም አለ። ማንም ክፉ አልሠራም እኮ!

ማይክል ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ በኮምፒውተር ተይቦ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የተባለውን በኮምፒውተር በነጻ የሚነበብ ቤተ መጻሕፍት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተ። ቤተ መጻሕፍቱ አልሞተም፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ መጻሕፍት አሉት። ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ናቸው፣ የትኛውም ማሽን ይከፍታቸዋል። የፈለገ ሁሉ ገልብጦ ያስቀምጣቸዋል። ከመሥራቹ ሌላ ኃላፊነት የሚወስድ ድርጅትም ነበር። እርማቱን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች ገጽ በገጽ ተከፋፍለውታል፤ አንዱን ገጽ ብዙ ዓይን ያየዋል።

እናንተም የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሦስት ሰው ይወቀው። ቅጂው አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ይቀመጥ። ደራሲው ከሞተ 50 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ቤተሰቡን አስፈቅዱ፤ ሕጉ ነው።

እኔ ግጥሞቹን እንደገና ጀምሬያቸዋለሁ። የገጣሚው ልጆች ፈቅደውልኛል። ስካን አድርጌ ማሽን ያነበበውን እያረምኩ ነው፤ «በላ»ን «ሰላ» እያለ አስቸግሮኛል። ገጽ 41 ላይ ነኝ፣ ዓይኔ ደግሞ ደክሟል። «በ»ን ከ«ሰ» የሚለይ ሁለተኛ አንባቢ እፈልጋለሁ።