መኖሩን አይታችሁ አትፍረዱ

የጡንቻ ሴልን ለማጥናት ለምትነሡ ልጆቼ፣

በወጣትነቴ የጡንቻ ጂኖችን ሥራ የሚያስጀምረውን፣ ማዮዲ የሚባለውን ፕሮቲን ገና በሚከፋፈሉ ሴሎች ኒውክለስ ውስጥ አየሁት። የጡንቻ ጂኖቹ ግን ሥራ አልጀመሩም። ሙከራው ተበላሽቷል ብዬ ሴሎቹ የሚያድጉባቸውን ሳህኖች ጣልኳቸው። ውጤቱ ትክክል እንደነበር የገባኝ ከቆየ በኋላ ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ማዮዲን እኛ ያየነው እንደ ንጉሥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ተመራማሪዎች ጂኑን ፋይብሮብላስት ወደሚባሉ ሴሎች ሲያስገቡ፣ ጡንቻ ሊሆኑ ያልታሰቡት ሴሎች ወደ ጡንቻነት ዞሩ። አንድ ጂን ይህን ካደረገ፣ ፕሮቲኑ ካለ ሥራው አለ ማለት ነው ብለን ደመደምን።

ማዮዲ ግን ብቻውን ብዙ አይራመድም። ኢ-ፕሮቲን ከሚባሉት ከአንዱ ጋር ሲጣመር ነው በዲኤንኤ ላይ ኢ-ቦክስ የተባለውን ባለስድስት ፊደል ቦታ አጥብቆ የሚይዘው። እዚህ ላይ አይዲ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይገባል። አይዲ ዲኤንኤ የሚጨብጥበት ክፍል የለውም፤ የማዮዲን አጋር ቀድሞ ይይዝና ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ሴረም፣ ማለትም ሴሎቹ እንዲያድጉ የምንሰጣቸው የደም ፈሳሽ፣ በበዛበት ሳህን አይዲ ሞልቶ ሴሎቹ ይከፋፈላሉ። ሴረሙን ስትቀንሱ አይዲ ይወርዳል፣ አጋሮቹ ይገናኛሉ፣ ማዮጀኒን የሚባለው የጡንቻ ጂን ይነሣል። ከዚያ ሴሎቹ መከፋፈል ትተው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ተዋህደውም ብዙ ኒውክለስ ያለው ረጅም ክር ይሆናሉ። ይህን በማይክሮስኮፕ ስንት ጊዜ እንዳየሁ አላውቅም፤ እስካሁን አልጠገብኩትም።

ጂን አጥፍታችሁ ለውጥ ስታጡም አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ማዮዲ የሌላቸው አይጦች ጡንቻቸው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ማይፍ-5 የተባለው ዘመዱ መጠኑ ጨምሮ ነበር። በዓመቱ ሁለቱንም ያጡ አይጦች ሲወለዱ ግን የአጽም ጡንቻ አልነበራቸውም። የመጀመሪያውን ውጤት ብቻ ያነበበ ሰው ማዮዲ አያስፈልግም ብሎ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ ፕሮቲኑን በኒውክለስ ውስጥ ስታገኙ ሳህኑን አስቀምጡት። ከማን ጋር ተጣምሯል? ዲኤንኤውን ይዟል ወይስ አልያዘም? የሴረሙ መጠን ስንት ነበር? በማግስቱ ሴረሙን ቀንሱና እነዚያኑ ሴሎች እንደገና እዩአቸው።