«ሲስተሙ አይቀበልም» ሲባል ለማን አቤት እንበል? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ያ ጀማዓ፣ እንዴት ከረማችሁ? «ስለ መንግሥት ሥልጣን፣ ስለ ፍትሕና ስለ ኦፕን ሶርስ የመጣላችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ እናንተም አልሰነፋችሁም። ኦፕን ሶርስ የምለው ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ትእዛዝ፣ ማንም ከፍቶ ሊያነበውና ሊያስተካክለው የሚችል ሶፍትዌር ነው። እኔ ደሴ ሸዋ በር አጠገብ ላፕቶፕ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሕግ አልተማርኩም፤ ማንበብ ግን ማንም አልከለከለኝም። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የተቆጡብኝንም አልዘለልኩም።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ኦፕን ሶርስ ነጻ ሶፍትዌር ማለት አይደል? ገንዘብ አለመክፈል ከፍትሕ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ እዚህ ላይ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው ይሻላል። «በነጻ ወሰድኩት» እና «ነጻ ሰው ነኝ» ስንል ማንም አይምታታበትም፤ እነሱ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ስላላቸው ይኸው 40 ዓመት ሙሉ ሲያብራሩ ይኖራሉ። ነገሩ የጀመረው በፕሪንተር ነው ቢባል ይቀላል። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ ፕሮግራመር በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሠራ ወረቀት የሚነክስ ፕሪንተር ነበራቸው። በፊት በነበረው ላይ ኮዱን አስተካክሎ ወረቀት ሲነክስ ለሰዎቹ መልእክት እንዲልክ አድርጎት ነበር። አዲሱ ግን ያለ ኮዱ መጣ፤ ኮዱ ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ ቢለምን «ላልሰጥ ፈርሜያለሁ» ተባለ። በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የመጻፍ ሥራ ጀመረ፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ሊኑክስን፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር፣ አወጣ። ጥያቄያቸው ያው ነው፦ የገዛሁትን ዕቃ ከፍቼ ላየው፣ ልጠግነው፣ ለጎረቤቴ ላካፍለው እችላለሁ ወይ?

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ አንተ ጠጋኝ ነህ፤ መንግሥት ምን አገባህ? ፖለቲካውን ለባለቤቶቹ ተውላቸው።

መልስ፦ አባቴን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነው ያገባኝ። የድሮው ወረቀት ላይ የአያቴ ስም «ሐሰን» ተብሎ ተጽፏል፤ አዲሱ ላይ «ሀሰን»። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሁለቱን አስገባችና «ሲስተሙ አይቀበለኝም አባባ፣ ሌላ ሰው ነው ይላል» አለች። በትሕትና ነው ያለችው፤ እሷ ላይ ጥፋት የለም። አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ አሰበ አሰበና «እንግዲያ ሲስተሙን ጥሪልኝና እኔው ላነጋግረው» አላት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን የምሩን ነበር።

ምን ሆኖ እንደሆነ ላስረዳ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተር የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚያውቅበት ዝርዝር ነው) ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ትክክል ነው፤ ግዕዝ የሚጽፍ ሰው ይለያቸዋልና። ለኮምፒውተሩ ግን በሀ እና በሐ መካከል ያለው ልዩነት በሀ እና በለ መካከል ካለው አያንስም። ስለዚህ ስም ከማመሳከሩ በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚመልስ ኮድ መጻፍ ያስፈልጋል። ጥቂት መስመር ናት፤ አማርኛ ጽሑፍ ላይ የሠራ ተማሪ ሁሉ ያውቃታል። ኮዱ ክፍት ቢሆን ያኔውኑ ማታ ጽፌ እልክላቸው ነበር። ዝግ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱም ራሱ ሊነካው አይችልም። አባቴ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ሐሰንና ሀሰን አንድ ሰው መሆናቸውን ከፍርድ ቤት አስወስኖ መጣ። እንግዲህ ሙሐመድ፣ መሐመድና ሙሀመድ በሞሉበት በወሎ ስንት ሰው እንደሚንከራተት አስቡት።

ድሮ የከለከለህ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ በበላዩ አቤት ይባልበታል። አሁን የሚከለክልህ ማን እንደጻፈው የማታውቀው ደንብ ነው። ሥልጣኑ ከሰውየው ወጥቶ ኮዱ ውስጥ ገብቷል። ኮዱን ማንበብ ካልተቻለ አቤቱታውም መድረሻ የለውም።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ኮምፒውተር እኮ አይዋሽም፣ ጉቦም አይበላም። እኔ ከሰው ዳኛ ማሽን እመርጣለሁ።

መልስ፦ እንግሊዞችም እንዲሁ ብለው ነበር። ፖስታ ቤታቸው ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆራይዘን የሚባል የፉጂትሱ ኩባንያ የሒሳብ ሶፍትዌር በየቅርንጫፉ ተከለ። ሶፍትዌሩ ስህተት ነበረበት፤ የሌለ ጉድለት ያሳያል። ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩት ሰዎች «ገንዘብ አልወሰድንም» ቢሉ «ሲስተሙ ጎድሏል ይላል» ተባሉ። የአገሩ ሕግ ደግሞ ኮምፒውተር በትክክል እንደሠራ አድርጎ ነው የሚገምተው፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የተከሳሹ ዕዳ ነው። ኮዱን ሳያይ በምን ያስረዳ? ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። ያላቸውን ሸጠው የከፈሉ አሉ፤ ነፍሰ ጡር ሆና እስር ቤት የገባች አለች። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲስተሙ ችግር እንደነበረበት የወሰነው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፓርላማው ፍርዱን በጅምላ የሚሽር ሕግ ያወጣው በ2024 እ.ኤ.አ.።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ሌባ ሻይ የሚባለው የድሮ ሌባ መፈለጊያ ነው። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ራሱን ይስታል፣ ይሮጣል፣ የማንም ቤት ገብቶ ይወድቃል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፤ አለቀ። ልጁም ጉቦ አልበላም፣ አልዋሸም! በመንግሥት የተከለከለው ግን ልጁ ውሸታም ስለሆነ አይመስለኝም፤ «ለምን እዚህ ወደቅህ?» ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ምስክሩ ሶፍትዌር ሲሆን መስቀለኛ ጥያቄ የሚቀርብለት ኮዱ ተነብቦ ነው። ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ጥያቄ (ከኬሚሴ)፦ ፋይዳስ? ኦፕን ሶርስ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የተሠራበት መድረክ አዎ። ሞሲፕ ይባላል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕንድ ባንጋሎር የሚገኝ የትምህርት ተቋም ያለማው ነው፤ ሞሮኮና ፊሊፒንስም ይጠቀሙበታል። ኮዱን እኔም አንተም ቁጭ ብለን ልናነበው እንችላለን። አንድ አገር የዜጎቹን አሻራ የሚይዝ ሲስተም በአንድ የውጭ ኩባንያ ቁልፍ ከሚዘጋበት ይህ በብዙ ይሻላል፤ ላመሰግን ይገባኛል። ነገር ግን የወጡ አሠራር ቢታወቅም ምጣዱ ላይ ምን እንደተጣደ የሚያውቀው ጓዳ ያለው ሰው ነው። ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም መረጃው በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር ላይ፣ የሚሠራው የትኛው ኮድ ነው? መረጃውን ማን ያያል? ያየ ሰው ስሙ ይመዘገባል? እነዚህን የሚመልሰው ሕግና ተቆጣጣሪ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አለ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ተከትሎት ወጥቷል። ሁለተኛውን በተለይ አንብቡት፤ ስለ ራሳችሁ የተያዘውን መረጃ ማየትና ማስተካከል እንደምትችሉ ይነግራችኋል። እኔም ለአባቴ ይዤ መሄድ የነበረብኝ እሱን ነው፤ ዘግይቼ አነበብኩት።

ጥያቄ (ከደሴ ፒያሳ)፦ ጥፋት የሌለበት ሰው ቢሰለል ምን ይጎዳዋል?

መልስ፦ አፈርሳታ ታውቃለህ? ድሮ አንድ በሬ ሲሰረቅ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይሄድም ነበር። ያልሰረቀውም እርሻው ሳይታረስ ያድርበት ነበር። የቀረ ይቀጣ ነበር። የጅምላ ስለላ ማብቂያ የሌለው አፈርሳታ ነው፤ ልዩነቱ ሜዳ ላይ መዋልህን አለማወቅህ ብቻ።

ይህ በእኛም ላይ የደረሰ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በ2013 እ.ኤ.አ. ፊንፊሸር የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ሰርቨር ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳገኘ አሳወቀ። ኮምፒውተሬ ላይ ተተክሎብኛል ያለ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊም እዚያው አሜሪካ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. «የውጭ መንግሥት ስለሆነ ልንዳኘው አንችልም» ብሎ መለሰው። ስለላው ተደርጓል ወይስ አልተደረገም የሚለው ጥያቄ ጋ እንኳ አልደረሱም። መንግሥታት ይለዋወጣሉ፤ ዕቃው ግን ለማንም የሚሸጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ «የአሁኖቹ ደጋግ ናቸው» ወይም «ክፉዎች ናቸው» በሚለው ክርክር አልገባም።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ኦፕን ሶርስ ስለሆነ አስተማማኝ ነው?

መልስ፦ ስልክህ ላይ ያለው መተግበሪያ ክፍት ነው፤ ሰርቨሩ ዝግ ነው። ከምሥጢራዊ ቻት በቀር ሌላውን መልእክት ሁሉ፣ ግሩፕም ቻናልም፣ የሰርቨሩ ባለቤት ሊያነበው ይችላል። ከጠበቃህ ጋር ስታወራ ሲግናል የሚባለውን መተግበሪያ ተጠቀም።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ኮዱ ለሁሉ ክፍት ከሆነ ሌባውስ አያነበውም?

መልስ፦ ያነበዋል፤ ከዚያም ይብሳል። ኤክስዜድ የተባለች፣ ሊኑክስ ውስጥ ፋይል የምታጭቅ ትንሽ ፕሮግራም አለች። አንድ ሰው፣ በሐሰት ስም ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለት ዓመት ያህል በመልካም ሥራ እምነት አተረፈና የኋላ በር (ድብቅ መግቢያ) ሰካባት። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ተደረሰበት፤ የደረሰበትም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ መግቢያው ግማሽ ሴኮንድ ዘገየብኝ ብሎ። ግማሽ ሴኮንድ! እኛ አገር ማን ያስተውላታል? ያም ሆኖ ፍሮይንድ ቆፍሮ ያገኘው ኮዱ ፊቱ ስለነበረ ነው። ክፍት መሆኑ ብቻውን አይጠብቅም፤ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል፤ ዓይኑም ደመወዝ ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከወረኢሉ)፦ ታዲያ መንግሥት ሁሉንም ወደ ሊኑክስ ይቀይር ነው የምትለው?

መልስ፦ በአንድ ቀን ጠዋት አልልም። ሙኒክ ከተማ ለዓመታት ደክማ ቀይራ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነች። በአንጻሩ የሕንዷ ኬረላ ትምህርት ቤቶቿን በሊኑክስ ታስተምራለች፤ ሽሌስቪግ ሆልስታይን የተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛትም በ2024 እ.ኤ.አ. 30 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮችን ሊብሬኦፊስ ወደተባለው ክፍት የቢሮ ሶፍትዌር ለማዛወር ተነሣ። እኛም ባዶ አይደለንም፤ ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ሁለት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ኦፕን ሶርስ ሥራ ነው። እኔ የምለው ጠባብ ነው፦ በሕዝብ ገንዘብ የተጻፈ፣ በሰው መብት ላይ የሚወስን ኮድ ለሕዝብ ይታይ። የቢሮ ጸሐፊዋ በምን እንደምትጽፍ ግድ የለኝም።

ጥያቄ (ከላሊበላ)፦ ኔት ሲዘጋ ሊኑክስህ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ምንም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስልኩም መብራቱም ሲጠፋ የእኔ ላፕቶፕ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ ነበር። መብራት ካለ ግን ኪዊክስ የሚባለውን ሞክሩ፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፣ በፍላሽ ይቀባበሉታል።

ጥያቄ፦ ሁላችንም በክራክ (ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት በተጫነ) ዊንዶውስ ነው የምንሠራው። ኃጢአት ነው?

መልስ፦ ኃጢአቱን ሼኹንና ቄሱን ጠይቅ። በሕግ ግን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሶፍትዌርንም ይጠብቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ክራኩን ማን እንደሠራውና ምን እንደጨመረበት ነው፤ ሱቄ ከሚመጣው ቫይረስ ብዙው በዚያ በር የገባ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት ይችላል። ፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ እጭንላችኋለሁ።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት)፦ ልጄ ሌት ተቀን ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ ነው፤ «ሀኪንግ እየተማርኩ ነው» ይለኛል። ያሳስርብኝ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሪ እትዬ። በራሱ ኮምፒውተር ላይ ቢፈታ ቢገጥም ማንም አይነካውም። የሰው ሲስተም ያለ ፈቃድ ከነካ ግን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ «ልማር ብዬ ነው» ማለት አያድነውም። ይህን ቁርጥ አድርገው ይንገሩት። እጁ ካላረፈ ደግሞ የቤት ሥራ ይስጡልኝ፦ ሐሰንንና ሀሰንን አንድ ሰው ናቸው የሚል ኮድ ጽፎ ይምጣ። ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀንም እንዳይረሳ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቅ አለሁ፤ አባቴም ያን ሰዓት ሻይ ሊጠጣ ስለሚመጣ እሱው ይፈትነዋል።