የድሮ ኮምፒውተርና ሞኒተር አልስማማ ሲሉ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ ድሮ ዴስክቶፕ፣ ስለ ቪጂኤ ካርድ (ምስሉን ለሞኒተሩ ስለሚያወጣው ካርድ) እና ስለ ሞኒተር የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። አንድ ልመና አለኝ። የኮምፒውተሩን ሞዴል፣ የሞኒተሩን ሞዴልና የኬብሉን ዓይነት ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ ካላችሁኝ ልረዳችሁ አልችልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 አለኝ። ዊንዶውስ 10 ካስጫንኩ ወዲህ ሪዞሉሽኑ (የስክሪኑ ነጥቦች ብዛት) ከ1024 በ768 አልወጣ አለኝ። ሞኒተሩ 1920 በ1080 ነው። ቪጂኤ ካርድ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ! የማሽኑ ኢንቴል ግራፊክስ ይህን በተራ ቪጂኤ ኬብል ያወጣል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካየህ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልተጫነም ማለት ነው። ኢንተርኔት አገናኝና ዊንዶውስ አፕዴትን አስነሳ። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያመጣዋል። ሁሉንም ድራይቨር ባንዴ እንጭናለን ከሚሉ ፕሮግራሞች ግን ራቅ፤ ከድራይቨሩ ጋር የማትፈልገውን ኮተት ይጭኑብሃል።

ድራይቨሩ ካለና ሞኒተሩን «ጄኔሪክ ነን ፒኤንፒ» ብሎ ካስቀመጠው ደግሞ ኬብሉን ጠርጥር። ሞኒተሩ ማንነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው በኬብሉ ጫፍ ካሉት ፒኖች (ቀጫጭን የብረት እግሮች) በ12ኛውና በ15ኛው ነው። የኬብሉን ጫፍ ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርገህ ፊት ለፊት እየው። የታችኛው ረድፍ ላይ ከግራ ሁለተኛውና የመጨረሻው ናቸው። አንዱ ከተሰበረ ወይም ከታጠፈ ኮምፒውተሩ ምን እንደተሰካበት አያውቅም፤ ስለዚህ ዝቅተኛውን ይሰጥሃል። መካከለኛው ረድፍ ላይ ፒን 9 ባይኖር አትደንግጥ፤ ብዙ ኬብል የለውም።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ ጥቁር ሆነ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞዴሉ ምንድን ነው? ሲነሳ ድምፅ ያሰማል? የሞኒተሩ መብራት ምን ዓይነት ነው? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ሞኒተሬ 18.5 ኢንች ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ብዥ ይልብኛል፣ ማታ ማታ ዓይኔን ያመኛል። ሪዞሉሽኑ 1024 በ768 ላይ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። በዚህ ጉዳይ ሁሌም እቆጫለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ፊደል የሚለቅም ሰው በተሳሳተ ሪዞሉሽን ዓይኑን ሲጎዳ አያለሁ። የዚያ መጠን ሞኒተር አብዛኛው 1366 በ768 ነው። 1024ቱን ወደ 1366 ሲለጥጠው እያንዳንዱ ነጥብ ጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል። የእንግሊዝኛ ፊደል እንደምንም ይችለዋል። የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው። «ሉ» እና «ሊ»ን አጠገብ ለአጠገብ ጽፈሽ እያቸው። ቅጥያዋ አንዷ ወገቡ ላይ ናት፣ ሌላዋ እግሩ ሥር። በተለመደው የጽሑፍ መጠን የሚለያቸው ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። እሱ ሲደበዝዝ አራሚ እንኳ ይሳሳታል።

ስለዚህ ድራይቨሩን አስተካክይና 1366 በ768ን ምረጪ። 1360 ብቻ ካሳየሽ አትጨነቂ። የድሮ ግራፊክስ የመስመሩን ስፋት በ8 በ8 ስለሚቆጥር 1366ን መከፋፈል አይችልም፤ 1360 ግን እኩል ይካፈላል። እሱም ከ1024 በብዙ ይሻላል። ከዚያ ሞኒተሩ ላይ «አውቶ» የምትለዋን ቁልፍ ተጫኚ። በመጨረሻ ዊንዶውስ ውስጥ ክሊርታይፕን (ፊደል ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ፈልጊና ደረጃ በደረጃ አስተካክይ። ክሊርታይፕ የሚጠቅመው ሪዞሉሽኑ የሞኒተሩ የራሱ ሲሆን ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጪ።

ሌላ አባል፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ጂቲ 710 ካርድ ገዝቶ መገላገል ነው።

ሌላ አባል፦ 710 አሮጌ ነው። ከገዛህ አይቀር ጂቲ 1030 ግዛ።

የመጀመሪያው፦ 1030 የቪጂኤ መሰኪያ የለውም እኮ! ሞኒተሯ ቪጂኤ ብቻ ቢሆንስ?

ሦስተኛ አባል፦ ለመሆኑ 1030 ጂቲኤ 5ን ይሸከማል?

መልስ፦ ስለ ጌም ዛሬ አልመልስም። እሷ የጠየቀችው ስለ ጽሑፍ ነው፤ ካርድ አያስፈልጋትም። ለሌሎቻችሁ ግን፣ ስለ ቪጂኤው የተባለው ልክ ነው። 710 በብዛት የቪጂኤ፣ የዲቪአይና የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ 19 ዋት ገደማ ይበቃዋል። 1030 30 ዋት ነው፣ ቪጂኤ የለውም። ሁለቱም ተጨማሪ የፓወር ገመድ አይፈልጉም። ከመግዛታችሁ በፊት ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኬዙ ቀጭን ከሆነ ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያስረው አጭሩ ብረት አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ካርዱን ከሰካችሁ በኋላ ኬብሉን ካርዱ ላይ ሰኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ትታችሁት «ካርዱ ሞቷል» አትበሉኝ።

ጥያቄ፦ ሪዞሉሽን ስጨምር ሞኒተሩ «አውት ኦፍ ሬንጅ» አለና ጠፋ።

መልስ፦ ምንም ሳትነካ 15 ሰከንድ ጠብቅ፣ ራሱ ይመልሰዋል። «ኪፕ» ብለህ አጽድቀኸው ከሆነ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ሲነሳ ኤፍ 8 ተጫንና ዝቅተኛ ሪዞሉሽን የሚለውን ምረጥ። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ኤፍ 8 አስቀድሞ ካልተከፈተ አይሠራም፤ ከፍ ያለ ሪዞሉሽን የሚችል ሞኒተር ተዋስና ሰክተህ ዝቅ አድርገው።

ጥያቄ፦ እኔም እንደ መጀመሪያው ልጅ 1024 ላይ ቆሞብኛል፣ ካርድ ልግዛ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። መጀመሪያ ድራይቨር፣ ከዚያ ኬብል። እባካችሁ ያለፈውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጅዳ 4ኬ ቴሌቪዥን ላከችልኝ። ኤችፒ ኮምፓክ 8200 ላይ 4ኬ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ 4ኬ አይሆንም። የዚያ ዘመን ኢንቴል በኤችዲኤምአይ ከ1920 በ1200 አያልፍም። ማሽኑ ላይ ያለው ዲስፕሌይ ፖርት ስለሆነ ወደ ኤችዲኤምአይ ቀያሪ ግዛና በ1080 እይ። የምስሉ ጠርዝ ከተቆረጠ ቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ፈልግ።

ጥያቄ፦ ያንኑ ቀያሪ ገልብጬ፣ ከላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት ሞኒተር መጠቀም እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። ቀያሪው የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ለአንተ የሚሆነው በዩኤስቢ ኃይል የሚወስደው ዓይነት ነው። ስትገዛ «ከኤችዲኤምአይ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት» ብለህ ጠይቅ፤ ሱቁ ውስጥ አሰክተህ ምስሉን ሳታይ ብር አትክፈል።