ቲ ሴል ተቀስቅሶም ዝም የሚለው ለምንድን ነው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ቲ ሴል (በሽታን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል) የሚያውቀውን አንቲጂን (የጀርም ወይም የሌላ ነገር መለያ ቁራጭ) አግኝቶ እንዴት ዝም ይላል?

አንቲጂኑን ማግኘት ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ለመነሳት ሁለት ምልክት ያስፈልገዋል። አንደኛው በተቀባዩ በኩል ከአንቲጂኑ ይመጣል። ሁለተኛውን የሚያገኘው አንቲጂኑን የሚያሳየው ሴል (አንቲጂን አቅራቢው) ላይ ያሉት ሲዲ80 እና ሲዲ86 የተባሉ ፕሮቲኖች ቲ ሴሉ ላይ ካለው ሲዲ28 ጋር ሲገናኙ ነው፤ እነዚህ በብዛት የሚወጡት ደግሞ ጀርም ሲገባ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ብቻውን ከመጣ ጉዳዩ በዚያ ቀን ዝምታ አያበቃም፤ በኋላ ሁለቱም ተሟልተው ቢመጡ እንኳ ሴሉ በቀላሉ አይነሳም። አነርጂ የምንለው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ በምን ታወቀ?

ማርክ ጄንኪንስ እና ሮናልድ ሽዋርትዝ በ1987 ባወጡት ሥራ አንቲጂን አቅራቢ ሴሎችን በኬሚካል አከሙ። አንቲጂኑ ሳይነካ ቀረ፤ ሁለተኛው ምልክት ግን ጠፋ። እነዚህን ያገኙት የአይጥ ቲ ሴሎች አልተባዙም። ቀጥሎ ጤነኛ አቅራቢ ሴሎች ሲሰጧቸውም አሻፈረኝ አሉ። ለእኔ ዋናው ማስረጃ ይህ ሁለተኛው እምቢታ ነው።

ጥያቄ፦ ሴሉ ውስጥ ምን ይሆናል?

ካልሲየም ይገባል፤ ኤንፋት የተባለው ፕሮቲንም ወደ ኒውክሊየስ ይዘልቃል። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነው። ግን ሲዲ28 ካልተነካ አጋሩ ኤፒ-1 በበቂ መጠን አይገኝም። ኤንፋት ብቻውን የኢንተርሉኪን-2ን (ቲ ሴል እንዲባዛ የሚያደርግ የመልእክት ፕሮቲን) ጂን በደንብ አያስነሳም፤ ይልቁንም እንደ ሲቢኤል-ቢ ያሉ የምልክት ማፈኛዎችን ያስነሳል። ስለዚህ አነርጂ መድከም ሳይሆን ሥራ ነው፤ ሴሉ ፍሬኑን ራሱ ይሠራል። በብዙ ሙከራዎች ኢንተርሉኪን-2 ከውጭ ሲጨመር ሴሉ ተመልሶ ነቅቷል።

ጥያቄ፦ ካንሰር ውስጥ "ተዳከሙ" የሚባሉትም እነዚሁ ናቸው?

አይደሉም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ግን የተለመደ ነው። የተዳከሙት መጀመሪያ ላይ በደንብ ተነስተው የተዋጉ ናቸው። ዕጢው ወይም ቫይረሱ ሳይጠፋ ሲቀር፣ ሳያባራ የሚመጣው ቅስቀሳ አቅማቸውን ደረጃ በደረጃ ይሸረሽረዋል፦ ኢንተርሉኪን-2 ማምረት ቀድሞ ይጠፋል፣ ኢንተርፌሮን ጋማ (ሌላ የመልእክት ፕሮቲን) ዘግይቶ። ላያቸው ላይ ፒዲ-1 የተባለ ፍሬን ይበዛል። ይህን ፍሬን የሚያግዱ መድኃኒቶች አንዳንድ ሕሙማንን በእጅጉ ጠቅመዋል፤ ታሱኩ ሆንጆ እና ጄምስ አሊሰን በ2018 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ መስመር ሥራቸው ነው። ሆኖም ጂኖቹ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ሥርዓት በቶክስ ፕሮቲን አማካይነት ስለተቀየረ፣ ሴሉ ነቃ ማለት እንደ አዲስ ሆነ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ ያለበት ሰው የቲቢ የቆዳ ምርመራው ኔጌቲቭ ሲሆን ነፃ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ሲዲ4 ሴሎች (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው ቲ ሴሎች) ካነሱ ቆዳው ላያብጥ ይችላል፤ ቲቢው ግን ሊኖር ይችላል። ይህም በሕክምና አነርጂ ይባላል፤ ከላይ ካልነው ጋር ግን አንድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሆን ብሎ ዝም ማሰኘትስ ይጠቅማል?

ይጠቅማል። አባታሴፕት የተባለው መድኃኒት ሲዲ80ን እና ሲዲ86ን ሸፍኖ ሁለተኛውን ምልክት ይከለክላል፤ ለሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራስን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ሕመም) ይሰጣል። ሕሙማን ሲያቆሙት ግን በሽታው ብዙ ጊዜ ያገረሻል፤ ዘላቂ አነርጂ በሰው ላይ መፍጠር በላቦራቶሪ እንደሚታየው ቀላል አልሆነም።