መቼ ነው የሚጨበጨበው?

ጥያቄ፦ ልጄ ለልደቴ የኮንሰርት ትኬት ገዛችልኝ። መጀመሪያ የአርቮ ፔርት «ካንቱስ»፣ ቀጥሎ የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ ነው። ባለፈው ሙዚቃው ያለቀ መስሎኝ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁንስ ምን ላድርግ?
እናት፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ እንኳን ለልደትዎ በሰላም አደረሰዎ!

ስላለፈው ጭብጨባ ፈጽሞ አይሸማቀቁ። ይኸው 7ኛ ሲምፎኒ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 8 ቀን 1813 ቪየና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ሕዝቡ ሁለተኛውን ክፍል አጨብጭቦ አስደግሞታል። የሚመራውም ቤትሆቨን ራሱ ነበር። ዛሬ ልማዱ ተቀይሯል፤ አራቱም ክፍሎች እስኪያልቁ ይጠበቃል። መሪው እጁን አውርዶ ወደ እናንተ ሲዞር ያን ጊዜ ያጨብጭቡ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ፔርት ነው። ኢስቶኒያዊ ነው፣ በ1935 የተወለደ፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን። «ካንቱስ»ን በ1977 የጻፈው ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ለቤንጃሚን ብሪተን መታሰቢያ ነው። ብሪተንን ሊያገኘው ይመኝ ነበር፤ ሳይገናኙ ብሪተን ሞተ። ሙዚቃው ከስድስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ያሉት ባለ አውታር መሣሪያዎችና አንድ ደወል ብቻ ናቸው።

ወጣት ሳለሁ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቅ፣ ድምፁም ወፈር ያለ መሣሪያ) እጫወት ነበርና ይህን ሥራ ከውስጥ አውቀዋለሁ። ሁላችንም የምንጫወተው አንድ ዓይነት ቁልቁል የሚወርድ ዜማ ነው፤ የሚለየን ፍጥነቱ ነው። አንደኛ ቫዮሊኖች ይፈጥናሉ፣ ሁለተኛዎቹ በእነሱ ግማሽ፣ እኛ ደግሞ በግማሹ ግማሽ እያልን እስከ ትልቁና ድምፀ ወፍራሙ ኮንትራባስ እንወርዳለን። ቀስ በቀስ ድምፁ እየገዘፈ አዳራሹን ይሞላዋል።

ከዚያ አውታሮቹ በአንዴ ይቆማሉ። የዚህን ጊዜ ነው ደወሉ ገና እየጮኸ መሆኑን የሚሰሙት። የመጨረሻዋ ምት የተመታችው አውታሮቹ ሳያቆሙ በቀስታ ስለሆነ፣ ስትመታ ማንም አይሰማትም። ቅዳሴ ላይ ቃጭል ካቃጨለ በኋላ ድምፁ ጆሮ ውስጥ ሲቀር ያውቁታል አይደል? እሱን ያስቡት።

እባክዎን እዚህ ላይ እጅዎን ይያዙልኝ። አንድ ጊዜ እንደ አድማጭ ሄጄ ከኋላዬ የነበረ ሰው ቸኩሎ አጨበጨበ። ያቺን ድምፅ ለመስማት ነበር የሄድኩት። አጣኋት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሲምፎኒው ሁለተኛ ክፍል ላይ ሲደርስ ደግሞ ቪዮላዎቹንና ቼሎዎቹን (በጉልበት መሃል ተይዘው የሚጫወቱትን) ይዩ። «ታም፣ ታ-ታ፣ ታም ታም» የሚለውን እርምጃ ከኮንትራባሶቹ ጋር የሚጀምሩት እነሱ ናቸው። የ«ካንቱስ» ሐዘን በሌላ ልብስ የተመለሰ ይመስለኛል፤ ሁለቱም በአንድ ቅኝት፣ ሐዘን ባለበት «ላ ሚነር» የተጻፉ ናቸውና።

ስልክዎን ደግሞ ድምፁን ብቻ አይቀንሱት፣ ጨርሰው ያጥፉት። ደወሉ ሊጠፋ ሲል ንዝረቱም ይሰማል።